ጌታሁን የሌለበት አልበም

ባለፈው ቅዳሜ አትላንታ አጠገብ ዶራቪል ካለው ትልቁ የእስያ ግሮሰሪ ገብቼ፣ ጥቅል ጎመንና ዝንጅብል በጋሪ እየገፋሁ ወደ መክፈያው ስሄድ፣ ከፊቴ የነበረች ሴትዮ የያዘችው የአቼቶ ጠርሙስ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ሰዉ አፍንጫውን እየያዘ ወደ ሌላው መተላለፊያ ዞረ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። መወልወያ ይዞ የመጣው ሠራተኛ «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?» እስኪለኝ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ እንደነበር እንኳ አላወቅሁም። ምን ብዬ ልመልስለት? ድሮ እኛ ቤት ይህ ሽታ ከሸተተ የሰው ፊት ከውሃ ውስጥ ሊወጣ ነው ማለት ነበር ልበለው? «ኦኬ ነኝ» ብዬ ጋሪዬን ገፋሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከዚያ ግሮሰሪ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባቡሩ የመጨረሻ ፌርማታ ወረድ ብሎ በነበረ ባለ ሁለት ፎቅ የቀይ ጡብ አፓርትመንት ነበር። ቡፎርድ ሃይዌይ ያኔ አብዛኛው ቦታ የእግረኛ መንገድ አልነበረውም፤ ሣሩ መሀል የእኛ የመጤዎቹ እግር ያወጣው ቀጭን የአፈር መንገድ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ሥራ ቦታ የምንደርሰው ጭቃ ይዘን ነው። ቤንዚን እንደ ውሃ ርካሽ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው፣ እኛ ግን የምንሞላበት መኪና አልነበረንም። የባቡሩ ክፍያ ትንሽዬ የብረት ቶክን ነበረች፤ እኔ ቶክኖቼን በመሀረብ ጫፍ ቋጥሬ እይዝ ነበር። ልብሳችንስ! ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ሐምራዊ ኮት ነበረኝ፤ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በጥቂት ዶላር ያገኘሁት። በበር ስገባ ከእኔ ቀድሞ ትከሻዬ ይገባል። ፀጉሬን ፐርም ተደርጌ፣ ጆሮዬ ላይ ክብ የወርቅ ቅብ ሎቲ አንጠልጥዬ እሑድ ቸርች ስሄድ ንግሥት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ከታችኛው ፎቅ የሜክሲኮዎቹ አኮርዲዮን፣ ከጎናችን ቬትናሞቹ የሚጠብሱት ዓሣ፣ ከእኛ ቤት ደግሞ ከቸርች የተዋስነው የመዝሙር ካሴት፤ ግድግዳው ስስ ስለነበር ሁላችንም የሁላችንንም እንሰማና እናሸት ነበር። ዛሬ ያ አፓርትመንት ፈርሶ ቦታው ላይ መኪና ይሸጣል።

ባለቤቴ ጌታሁን ቃል ቆጣቢ ነው። ስንጋባ እናቱ «ልጄ ክፉ አይደለም፣ ዝም ይላል እንጂ» ብለው ነግረውኝ ነበር፤ ምን ያህል ዝም እንደሚል ግን አልነገሩኝም። ዶራቪል ውስጥ፣ ፊልም ሰጥተህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎቶህን ከምትቀበልባቸው ሱቆች በአንዱ ይሠራ ነበር። የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት፣ የሰው ባሕር ዳርቻ ሽርሽር ሲያጥብ ይውልና ማታ ቤት ሲገባ ጣቶቹ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታሉ። የሱቁ ባለቤት ደግ የኮሪያ ሰው ነበሩ፤ አዲስ ማሽን ሲያስገቡ አንድ ያገለገለ ካሜራና ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማጠቢያ ዕቃ ለጌታሁን ሰጡት። ቤታችን የተለወጠው ያን ቀን ነው።

የመታጠቢያ ቤታችን መስኮት በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ተሸፈነ። አምፖሉ በቀይ ተተካ። ገንዳው ላይ ጣውላ ተጋድሞ የፕላስቲክ ሳህኖች ተደረደሩበት፤ አንዱ ፎቶውን የሚያወጣ፣ ሌላው የሚያስቆም፣ ሌላው የሚያጸና መድኃኒት። የአቼቶው ሽታ ከመሀለኛው ሳህን ነበር። እሑድ ከቸርች መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ጌታሁንና ልጃችን ምህረት እዚያ ይዘጉና ቁልፉ ቀጭ ሲል እሰማለሁ። ምህረት ያኔ ገና ወተት ጥርሷ መነቃነቅ የጀመረባት ልጅ ነበረች። የመጸዳጃው ክዳን ላይ ቆማ በአባቷ ትከሻ በኩል ታያለች። እኔ ውጭ ቆሜ «ኧረ የሰው ልጅ ሽንት ቤት ይፈልጋል!» እያልኩ በሩን ስደበድብ፣ ከውስጥ የሚመጣልኝ መልስ «እማ፣ አትክፈቺ! አፍንጫዬ እየመጣ ነው!» የሚል ነበር።

አንድ እሑድ እኔንም አስገቡኝ። በዚያ ቀይ ጨለማ ውስጥ ሦስታችን ተጣብበን ቆምን። ጌታሁን ነጭ ወረቀት ውሃው ውስጥ አስገባና ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዝ ጀመር። ምንም የለም። ባዶ ወረቀት። «ምን ልታሳዩኝ ነው?» ልል አፌን ስከፍት፣ ወረቀቱ መሀል ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ታየኝ፤ ከዚያ ሁለት ነጠብጣቦች፤ ነጠብጣቦቹ ዓይን ሆኑ፤ ዓይኖቹ የልጄ የምህረት ዓይኖች ሆኑና ከውሃ ውስጥ አሻቅበው አዩኝ። «ጌታ ሆይ!» አልኩ ድምፄን አውጥቼ። የሆነ ሰው ከምንም ሲፈጠር ቆሜ ያየሁ ነው የመሰለኝ። ጌታሁን ዞር ብሎ አየኝና «እኔንም ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አለ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነበር። ልጄ በአማርኛ ብርሃንና ጥላ ማለትን፣ ታገሺ ማለትን፣ ቀስ ማለትን የተማረችው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ከእኔ ጋር ስታወራ እንግሊዝኛዋን ትቀላቅላለች፤ እዚያ ውስጥ ግን የአባቷን ቋንቋ ብቻ ነበር የምትናገረው፤ እሱም ከእሷ ጋር ብቻ ነበር እንደዚያ የሚያወራው።

እኔና ካሜራው ግን ቶሎ አልተስማማንም። ለእኔ ፎቶ ማለት አገር ቤት የሚላክ ነገር ነበር። ኮቱ ተለብሶ፣ ሊፕስቲክ ተቀብቶ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ የቆመ የማንም ቀይ መኪና ላይ እጅ ጣል ተደርጎ ነው የሚነሳው። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እዚያችው ቀይ መኪና ላይ ነው የተነሳነው፤ ባለቤቱ ስንት ቤተሰብ አልበም ውስጥ መኪናው እንዳለች ቢያውቅ ይደነግጥ ነበር። ጌታሁን ደግሞ «ተዘጋጂ» የሚባል ነገር አያውቅም። ሽንኩርት ስልጥ ያነሳል፤ የልጄን ጥፍር ስቆርጥ ያነሳል። አንድ ቀን ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትዬ ሠርቼ ገብቼ፣ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ፣ አንድ እግሬ ጫማ እንዳለው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ አነሳኝ። ፎቶውን ሳየው ደሜ ፈላ።

«ይህንን ነው ሰው ሚስቴ ናት ብሎ የሚያነሳው? አፌን ከፍቼ?»

«ቆንጆ ነሽ እኮ» አለ።

«የት ላይ?»

ጣቱን ፎቶው ላይ አድርጎ ፈለገ። እውነት ፈለገ። ከዚያ ጫማው ያልወለቀው እግሬ ላይ አሳረፈና «እዚህ ጋ። ልታወልቂው ጎንበስ ብለሽ ነው እንቅልፍ የወሰደሽ» አለኝ። ተናድጄ ነጥቄው ገባሁ። በነጋታው ብቻዬን ሆኜ ፎቶውን እንደገና አየሁት። መስኮቱ በኩል የገባው ብርሃን ግማሽ ፊቴ ላይ አርፏል፤ እጄ ጫማዬ ክር ላይ ነው። ይህንን ያነሳው ሰው ቸኩሎ አላነሳውም። ቆሞ አይቶኛል፤ ብዙ አይቶኛል። በትዳራችን አንድም ቀን እወድሻለሁ ያላለኝ ሰው መኝታ ቤታችን ውስጥ ሳይሆን ሶፋ ላይ፣ ላብ ላብ እየሸተትኩ፣ እንደዚህ ሲያየኝ ነበር ለካ! ያን ቀን ሥራ አርፍጄ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሲያነሳኝ ዝም ማለት ጀመርኩ። ሰው ሲያየኝ ዝም ብሎ መታየትን ከዚያ ነው የለመድኩት።

እንዲህ ስል ነገሩ ሁሉ ማር ነበር ማለቴ አይደለም። ካሜራ የሚያቀርበውን ያህል ያርቃል። ምህረት አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ይመስለኛል፣ ትምህርት ቤቷ ለመዘምራን ቡድን ሊመርጣት ነው ብላ ስትዘጋጅ ከረመች። ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ልንወስዳት ሄድን። ያን ጊዜ በሩ በውጭ በኩል ብቻ የሚከፈት አሮጌ ነጭ መኪና ገዝተን ነበር። ምህረት ከትምህርት ቤቱ በር ወጣች፤ ፊቷን ሳየው እንዳልተመረጠች ገባኝ። ፓርኪንጉን አቋርጣ እያለቀሰች ወደ እኛ መጣች። እኔ ከመኪናው ወርጄ ወደ እሷ ስሄድ ከኋላዬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጌታሁን አነሳት።

ልጅቷ ቆመች። «አባዬ! እያለቀስኩ ነው እኮ! ለምን ታነሳኛለህ? ለምን ዝም ብለህ አትመጣም?» አለችው። ከዚያ ጓደኞቿ እያዩዋት በእንግሊዝኛ ጮኸች፤ «ሁለተኛ እንዳታነሳኝ! ኔቨር!»

ጌታሁን ካሜራውን ዝቅ አደረገ። አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት አይቻለሁ፤ አልወጣለትም። ለምን እንዳነሳት ከዓመታት በኋላ ጠይቄው ነበር። «የምይዝበት ሌላ እጅ አልነበረኝም» አለኝ። እንደዚያ ነው ያለኝ። ሰው ልጁ ስታለቅስ የሚዘረጋው ክንድ አለው፤ የእሱ ክንድ ካሜራው ነበር፤ እሷ ግን ያንን እንዴት ትወቀው?

ከዚያ ቀን ወዲህ አላነሳትም። የመታጠቢያ ቤቱ ቀይ አምፖል ወልቆ ነጩ ተመለሰ። እኔ ሽንት ቤት በፈለግሁ ጊዜ መግባት ቻልኩ፤ ቤቱ ግን ተከራይ እንደለቀቀው ቤት ዝም አለ። ልጄና አባቷ «ሃይ»፣ «ሃይ» ይባባላሉ፤ «በላሽ?» ይላታል፣ «በላሁ» ትለዋለች። ዓመቱ እንዲህ ነጎደ። ፎቶ ቤቱ ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሳት ሲጀምር ተዘጋ፤ ጌታሁን አየር ማረፊያ ፓርኪንግ ተቀጠረ። እኛም እንደ ብዙው ያገሬ ሰው ከከተማው ወጣ ብለን ስኔልቪል ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ገዛን። ምህረት ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በኮምፒዩተር ተመረቀች። የምረቃዋ ቀን ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አንስቷል። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ካሜራ ከቤት ወጥቶ የማያውቀው ጌታሁን እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«ካሜራህስ?» አልኩት።

«ቤት ነው።»

«ልጅህ ተመረቀች እኮ!»

«አታንሳኝ ብላኛለች።»

«ያኔ ልጅ ነበረች፣ ጌታሁን!»

«ቃል ነው» አለኝ። ግትርነት ይሁን ክብር እስከ ዛሬ ለይቼ አላወቅሁትም። ምህረት ከሩቅ በጋውኗ ሆና ታየናለች፤ የአባቷን እጅ ኪሱ ውስጥ ታያለች። ምን እንዳሰበች ያን ቀን አልጠየቅኋትም።

ጌታሁን ጡረታ ከወጣ በኋላ በዚያች በተቧጨረች ካሜራ የቸርቹ ፎቶ አንሺ ሆነ። የሰንበት ትምህርት ልጆችን ያነሳል፤ ሕፃን ሲባረክ ያነሳል። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ልጆቹን ደረጃው ላይ ደርድሮ፣ ካሜራዋን ወደ ዓይኑ ሲያነሳ፣ ካሜራዋ ከቀኝ እጁ ወደቀች። ለማንሳት ጎንበስ ሊል ሲል እሱም ተከትሏት ወደቀ። ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ስትሮክ ነበር።

ከሞት ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለ፣ አፉ ወደ ጎን ተሳበ፣ ያቺ ቆጥቦ ይናገራት የነበረችው ቃልም ሄደች። አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው። ከዓለም ቃል ሁሉ «እንግዲህ» የምትለዋ። ውሃ ሲፈልግ «እንግዲህ» ይላል። ሲያመው «እንግዲህ»። ፓስተራችን ጸልየው አሜን ሲሉ «እንግዲህ»። ሐኪሞቹ ቃላቱ አልጠፉም፣ ውስጡ አሉ፣ መውጫው ነው የተበላሸው አሉን። ንግግር የምታለማምደው ቴራፒስት ወጣት ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ «የቤተሰብ ፎቶ አምጡልኝ፤ እሱ ያለበት ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። ራሱን ከእናንተ ጋር እያየ ስም መጥራት ይለማመዳል» አለችን።

ምህረት ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ እኛ ጋ ከርማ ስለነበር፣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን አልበሞቹን አወጣን። እየገለጥን፣ እየሳቅን፣ በእኔ ኮት ትከሻ እየቀለደች ብዙ ሄድን። ቀስ በቀስ ሳቋ ቆመ።

«እማ፣ ዳዲ የታለ?»

«ፈልጊ እንጂ።»

«እየፈለግኩ ነው። የለም። ላይክ፣ የትም የለም።»

ሌላውን አልበም ገለጠች፤ ሌላውንም። ልደት፣ ገና፣ የመጀመሪያው በረዶ፣ እኔ፣ እሷ፣ እኔና እሷ። ጌታሁን የለም። ያን ሁሉ ዘመን የነበረ ሰው አንድ ገጽ ላይ እንኳ አልነበረም።

«ፎቶ አንሺው እሱ ነዋ» አልኳት። «ማን ያንሳው?»

የመጀመሪያውን አልበም መልሳ ገለጠችና «ደግሞ እኔም እዚህ ጋ ስቶፕ አደርጋለሁ» አለች፤ ጥርሷ ላይ ብረት የተደረገላት ጊዜ የተነሳችው ላይ ጣቷን አድርጋ። «ከዚህ በኋላ ምንም የለም። ያንቺ አለ። የቸርች ልጆች ሁሉ አለ። የእኔ የለም።»

«አታንሳኝ ብለሽዋል።»

«መቼ?»

«ትምህርት ቤትሽ ፓርኪንግ ውስጥ። መዘምራኑ ያልመረጡሽ ቀን።»

«እማ! ሰርቲን ነበርኩ እኮ! ልጅ ነበርኩ!»

«እኔም ያንኑ ነው ያልኩት። ቃል ነው አለኝ።»

«ኢቭን ግራጁዌሽኔ ላይ?»

«ግራጁዌሽንሽ ላይም።»

አልበሙን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀረች። «እኔን ማየት የማይፈልግ ነበር የመሰለኝ» አለች በመጨረሻ፣ እንደ ትንሽ ልጅ በቀጭን ድምፅ። «ዩ ኖው? የሰውን ልጅ ሁሉ ያነሳል። እኔን ሲያየኝ እጁን ኪሱ ይከታል። እኔ... ጠልቶኝ ነበር የመሰለኝ፣ እማ።»

በማግስቱ ስልኳን አውጥታ ልታነሳው ስትሞክር ጌታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደጋግማ ሞከረች፣ ደጋግሞ ዞረ። ያፈረ መስሎኝ «ተይው፣ ገመናው ነው፤ የሰው አፍ እንዲህ ሆኖ አይነሳም» አልኳት። እሷ ግን ተነስታ ከቁም ሳጥኑ አሮጌዋን ካሜራ አመጣች። ጠርዟ ከውድቀቱ ጎድጉዷል እንጂ ትሠራለች። ፊልም ከኢንተርኔት አዘዘች፤ ድሮ ከሱፐርማርኬት መክፈያ ጎን ከማስቲካ ጋር ይሸጥ የነበረው ፊልም ዛሬ ዋጋው ያስደነግጣል። ክዳኑን ከፍታ ፊልሙን ወዲህ ስትለው ወዲያ፣ ጌታሁን ከወንበሩ ሆኖ ያያታል። ትዕግሥቱ አለቀና ግራ እጁን ዘረጋ። «እንግዲህ!» አለ በቁጣ። ሰጠችው። ካሜራዋን ጭኑ መሀል ወትፎ፣ በዚያች ባልሠለጠነች ግራ እጁ የፊልሙን ምላስ ጎትቶ፣ ካሜራዋ ውስጥ ያለው ጥርስ ላይ አስገብቶ፣ አውራ ጣቷን ይዞ ማዞሪያው ላይ አስቀመጠላት። ዞረ። ያዘ። «እንግዲህ» አለ ቀስ ብሎ። አባትና ልጅ ተያይተው ሳቁ። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ማማሰያ ይዤ ቆሜ፣ አንዲት ቃል ስንት ነገር መሆን እንደምትችል ሰምቼ ተገረምኩ።

ከዚያ ወዲያ ፊቱን አላዞረም። ምህረት ካሜራዋን ስታነሳ ቀና ይላል። ፎቶዎቹ በፖስታ ታጥበው ሲመጡ ትልቅ አሳትማ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለቻቸው። አፉ ጠምሟል፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሳያቸው ዓይኔን ሰበርኩ። ከቸርች ልትጠይቀው የመጣች እህት ጥሩወርቅም «ውይ! ወንድም ጌታሁን ደህና በነበሩበት ጊዜ የተነሱትን ብትሰቅሉ አይሻልም?» አለች። «የለም» ልላት ዞር ስል ፎቶው ላይ ዓይኔ አረፈ። ዓይኖቹ! ያንን የተጣመመ ፊት የሚያበሩ፣ አይተው የማይጠግቡ ዓይኖች። በዚያ ፎቶ ውስጥ የምናየው እሱን ነው፤ እሱ ግን የሚያያት ልጁን ነው። እዚያ፣ ከካሜራዋ መስተዋት ማዶ፣ ምህረት አለች። አባት ልጁን የሚያይበት ፊት ዕድሜዬን ሙሉ ከጎኑ ሆኜ ከጎን ነው ያየሁት፤ ፊት ለፊት ያየሁት ገና ያን ቀን ነው። «እዚያው ይሁን» አልኳት ጥሩወርቅን። «ደህና ነው።»

አንድ ነገር ግን ያሳስበኝ ነበር። ምህረት ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ፓርክ አድርጋ ትገባለች፣ «ሃይ ዳዲ» ትለዋለች፣ ታነሳዋለች፣ ትሄዳለች። ብዙ ታየዋለች። አትነካውም። እሱ ድሮ ያደርግ የነበረውን አሁን እሷ ታደርጋለች ብዬ በልቤ ፈራሁ። እሱ ከእኛ አልበም የጠፋው ከዚያች መስተዋት ኋላ ስለኖረ ነው፤ እሷም እዚያው ገብታ እንዳትቀርብኝ። ግን ምን ብዬ ልናገር? ያላቸው መነጋገሪያ ካሜራው ብቻ ነው፤ እሱንም ላፈርስባቸው?

ዛሬ ጌታሁን በከዘራ ጓሮውን ይዞራል። ቃላቱም አንድ ሁለት እያሉ ተመልሰዋል፤ እኔን በስሜ ይጠራኛል፣ ቡና ይላል፣ ሲናደድ ደግሞ የምትገርም ስድብ አለችው፣ እሷ ከየት ተርፋ እንደመጣች አላውቅም። የመጀመሪያዋ ቃል የመጣችበትን ቀን ግን አልረሳውም።

ጸደይ ነበር፤ አትላንታ ውስጥ የጥዱ ብናኝ መኪናውንም መንገዱንም በርበሬ የሌለው ሽሮ የሚያስመስልበት ሰሞን። ጌታሁን ከቤቱ ጀርባ ካለው የእንጨት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ከመስታወቱ በር አጠገብ ልብስ እያጠፍኩ ነው። ምህረት ፊት ለፊቱ ተንበርክካ፣ ካሜራዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ብርሃኑን ትጠብቃለች። ጥድ ላይ ወፍ ይንጫጫል። ጌታሁን ያያታል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያቺው «እንግዲህ» ናት ብዬ ፎጣዬን አነሳሁ። አልወጣችም። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተገተረ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ግራ እጁ ከወንበሩ ክንድ ላይ ተነስታ አየር ላይ ቀረች። አንድ ከባድ ነገር ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚጎትት ሰው ትንፋሹን ሳበ።

«ነይ» አለ።

ፎጣው ከእጄ ወደቀ። ምህረት አልተነቃነቀችም። ካሜራዋ ዓይኗ ላይ ናት፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ ናት። ፊት ለፊቷ ያለውን አውቃለሁ፦ የሚያለቅስ አባት፣ የተዘረጋ እጅ፣ በዚያ ወርቅ በመሰለ ብርሃን። ከዚህ የበለጠ ፎቶ በዕድሜዋ አታገኝም። ቀጭ የሚለውን ድምፅ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

አልመጣም። ምህረት ካሜራዋን ያ ቢጫ ብናኝ የለበሰው እንጨት ላይ አስቀመጠች፤ አባቷ ቢችል በጮኸባት ነበር። በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ ራሷን ጭኑ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከውስጥ ሆኜ አያለሁ። ጌታሁን ያቺን ግራ እጁን ፀጉሯ ላይ አሳርፎ፣ መጥታም እያለች፣ ደግሞ ደጋግሞ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» ይላታል።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።